አቧራው ሳይሰክን

እሁድ ጠዋት ነው። ከአሶሳ ወጣ ብሎ፣ ወደ ባምባሲ ከሚወስደው አስፋልት የምትገነጠል አንዲት የጠጠር መንገድ አለች። በበጋ ቀይ አቧራዋ ለጉድ ነው። ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሆን ስምንት ሞተሮች ተደርድረዋል። ቤንዚኑ ከማደያ ሳይሆን በሃይላንድ ከመንገድ ዳር የተገዛ ነው። ሄልሜት ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም ክንዱ ላይ አንጠልጥሎታል። ከማንጎው ዛፍ ሥር ተመልካቹ ተሰብስቧል። አንድ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ የተቆላ ለውዝ በትሪ ይዞ በሰው መካከል ይዞራል። እኔ ደግሞ ስልኬን ይዤ መድረሻው ላይ ቆሜያለሁ። ሥራዬ ሰዓት መያዝ ነው።

«ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ቁጥር አይሳሳትም» ብለው ነው የመረጡኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ተመርቆ ሥራ ለሌለው ሰው የሰዓት ያዥነት ሹመትም ሹመት ነው። ውርርዱን የመዘገብኩት እኔ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚወጣ ያጣመርኩት እኔ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ይውጡ ያልኩትም እኔ ነኝ።

የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች በሰላም ገቡ። ሁለተኛዎቹም ገቡ። በሦስተኛው ዙር የልጅነት ጓደኛዬ ወጣ፤ ሲነሳ ግን ትንሽ ዘገየ። ከዚያ በኋላ የፊተኛው አቧራ ዋጠው። እኛ ከሩቅ የምናየው አንድ ቀይ ደመና ብቻ ነበር። ጓደኛዬ ደመናው ውስጥ ሆኖ ለመቅደም ወደ ቀኝ ወጣ። ኩርባው የት እንደሚጀምር አላየም። ለውዝ ሻጩም ሁለተኛ ሞተር እንደሚመጣ አላወቀም፤ አንዱ ካለፈ በኋላ ለመሻገር ወደ መንገዱ ጠርዝ ቀርቦ ነበር።

ድምፁን ላለመግለጽ መርጫለሁ። ትሪው ግን አሁንም ይታየኛል፤ ለውዙ ቀይ አፈር ላይ ተበትኖ። ከተወዳዳሪዎቹ ሁለቱ ፖሊስ ይመጣል ብለው ሞተራቸውን አስነስተው ጠፉ። ቁስለኞቹን በባጃጅ ጭነን ወሰድን። ማታ ስልኬን ከኪሴ ሳወጣ ሰዓቱ አልቆመም ነበር። ሦስተኛው ዙር ገና እየተቆጠረ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፎታል።

ሁለቱም ተረፉ። ይህንን ቶሎ የምነግራችሁ ልባችሁ እንዳይንጠለጠል ነው። ግን «ተረፈ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይደብቃል። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው።

ለውርርዱ እያንዳንዱ ሰው 200 ብር አዋጥቷል። ጠቅላላ ሽልማቱ 1,600 ብር ማለት ነው። ይህ በገቢው በኩል ነው። ወደ ወጪው ስንመጣ፣ የልጁ እግር ጄሶ ውስጥ ገብቶ የትምህርት ወቅቱ አለፈው። እናቱ ገበያ ላይ የነበራቸውን መደብ ትተው እሱን አስታመሙ። የጓደኛዬ የጭን አጥንት ተሰብሮ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተባለ። ከአሶሳ አዲስ አበባ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህን መንገድ ጤነኛ ሆኖ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል፤ በተሰበረ ጭን ደግሞ አስቡት። ሞተሩ ቤተሰቡ በዕቁብ ብር የገዛለት፣ ሰው እያመላለሰ የሚኖርበት መተዳደሪያው ነበር። ተሸጠ። ለሰባት ወር ያለ ሥራ ተኛ።

እኛ ተወራራጆቹስ ምን ከፈልን? አዋጣን፤ አልዋሽም። ግን ያዋጣነው የአንድ ሳምንት መድኃኒት እንኳ በቅጡ አልሸፈነም።

በትምህርት ቤት ይህ ነገር ኤክስተርናሊቲ ይባል ነበር። በቀላል አማርኛ፣ አንዱ ይደሰታል፣ ሒሳቡን ሌላው ይከፍላል ማለት ነው። ፈተና ላይ ሲመጣ የፋብሪካ ጭስና የወንዝ ብክለት ምሳሌ ሰጥቼ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። የለውዝ ትሪ ምሳሌ ይሆናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ከዚያ እሁድ በኋላ እንቅልፍ ስላጣሁ ማንበብ ጀመርኩ። ሰው ከመቼ ጀምሮ ነው በሞተር የሚሽቀዳደመው? ሲሽቀዳደም የመጀመሪያዎቹ ምን ሆኑ? ያገኘሁት ነገር አስደነገጠኝ፤ የእኛን እሁድ የሚመስል ታሪክ ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ተጽፎ ተቀምጧል።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1903 ዓ.ም. ነው። ከፈረንሳይ ቬርሳይ ተነስቶ ስፔን ማድሪድ የሚጨርስ የመኪና ውድድር ተዘጋጀ። ከ200 በላይ መኪኖችና ሞተር ሳይክሎች ገና ጎህ ሳይቀድ መውጣት ጀመሩ። ከተወዳዳሪዎቹ ብዙዎቹ በሹፌርነት የሚተዳደሩ አልነበሩም፤ ገንዘብም ጉጉትም የተረፋቸው አማተሮች ነበሩ። መንገዱ የሕዝብ መንገድ ነው፣ አስፋልት የለውም፣ አየሩ ደረቅ ነው። ሕዝቡ በየመንደሩ መንገዱን ሞልቶ፣ አንዳንዱም መሐል ላይ ቆሞ፣ መኪናው ሲቀርብ ብቻ ፈቀቅ ይል ነበር። ከዚያ በፊት ያን ያህል ፍጥነት ያየ ሰው ስላልነበረ፣ መኪናው «ገና ሩቅ ነው» ብሎ ሲያስብ አጠገቡ ይደርሳል።

ተወዳዳሪዎቹ የሚለቀቁት በአንድ አንድ ደቂቃ ልዩነት ነበር። አንድ ደቂቃ አቧራ ለመስከን አይበቃም። የሬኖ ኩባንያ መሥራች ከሆኑት ወንድማማቾች አንዱ፣ ማርሴል ሬኖ፣ ሌላ መኪና ለመቅደም አቧራው ውስጥ ገባ፤ ኩርባውን አላየም፤ ከመንገድ ወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። ወንድሙ ሉዊ ሬኖ በሁለተኛነት ቦርዶ ከተማ ከደረሰ በኋላ ነው የሰማው፤ ከዚያ ወዲያ ተወዳድሮ አያውቅም።

በዚያ አንድ ቀን ቢያንስ ስምንት ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹም ለማየት ብቻ የወጡ ነበሩበት። የፈረንሳይ መንግሥት ውድድሩን ቦርዶ ላይ አስቆመው። ሞተር ማስነሳት ተከለከለና መኪኖቹ በፈረስ እየተጎተቱ ባቡር ጣቢያ ገቡ፤ ወደ ፓሪስ የተመለሱት ተጭነው ነው። እስከ ቦርዶ ያለውን 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሁሉ ፈጥኖ የጨረሰው ፈርናንድ ጋብሪየል ነበር፤ በአማካይ በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር እየነዳ። ፍሬኑ ዛሬ እኛ ፍሬን የምንለው ዓይነት አልነበረም።

ከዚያ ሁሉ ታሪክ ግን ልቤ ላይ የቀረችው ካሚ ዱ ጋስት የተባለች ሴት ናት። እሷም ተወዳዳሪ ነበረች፤ ጥሩ ደረጃም ይዛለች። መንገድ ላይ አንድ ተወዳዳሪ መኪናው ተገልብጦ ሥሩ ተይዞ አየች። ቆመች። እርዳታ እስኪደርስ አብራው ቆየች። ደረጃዋ ወደ ኋላ ቀረ። ይህንን ሳነብ ያለፉኝ ሁለቱ ሞተሮች ናቸው የታወሱኝ፤ «ፖሊስ ይመጣል» ብለው የጠፉት።

አንድ ሰው «ታዲያ ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ነው፣ ለእኛ ምን አገባን?» ሊል ይችላል። እኛም የራሳችን አለን። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ አንዲት ሲድሊ መኪና እየነዳ አዲስ አበባ ገባና ለአፄ ምኒልክ አስረከበ። ያኔ ባቡሩ ገና ከድሬዳዋ አላለፈም፤ የመኪና መንገድ የሚባል ነገርም አልነበረም። በዚያው ሰሞን አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊም ሌላ መኪና አመጣ። ሁለቱም ወደ ማይታወቅ መንገድ በድፍረት የገቡ ጀብደኞች ነበሩ። ልዩነቱ፣ በየበረሃው ጥቂት ኪሎ ሜትር እየተጎተቱ ሲሄዱ በፍጥነት የሚገጩት ሰው አልነበረም። ጀብዱው የራሳቸው፣ አደጋውም የራሳቸው ነበር።

ወደ እኛ ክልል ስንቀርብ ደግሞ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. አለ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ወደ በላያ ተራራ አመሩ። በላያ ዛሬ መተከል ውስጥ ነው። አብረዋቸው ከነበሩት አንዱ ኮሎኔል ኦርድ ዊንጌት ነበር። የጭነት መኪኖቹ መንገድ በሌለበት ቁጥቋጦ ውስጥ፣ በየደረቁ ወንዝ አሸዋ እየተያዙ፣ እየተገፉና እየተጎተቱ ነበር የሚሄዱት። ለዘመቻው ከተሰባሰቡት በሺዎች የሚቆጠሩ ግመሎች አብዛኞቹ በየመንገዱ አለቁ። ያ ውድድር አልነበረም፤ አገር ለማስመለስ የተደረገ ጉዞ ነው። ሰው ለዚያ ዓይነት ዓላማ ሕይወቱን ሲያስይዝ ሒሳቡ ይገባኛል። ለ1,600 ብር ግን?

ቆይቶም በንጉሡ ዘመን የመኪና ራሊ አገራችን ውስጥ ይካሄድ ነበር፤ ስሙም ሃይላንድ ራሊ። ዛሬ አሶሳ ላይ ሃይላንድ ስትሉ ወጣቱ የሚያውቀው ቤንዚን የሚሸጥበትን የውኃ ላስቲክ ነው። ቀልድ ብትሉትም እውነት አለው፤ ውድድሩ ከነደንቡ ቀረና ላስቲኩ ብቻ ደረሰን።

ጎረቤታችን ኬንያ ግን ሌላ መንገድ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ1953 የእንግሊዟ ንግሥት ኤልዛቤጥ ዘውድ የጫኑበትን ዓመት ምክንያት በማድረግ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ የሚያልፍ ራሊ ተጀመረ። በኋላ ሳፋሪ ራሊ የተባለው ነው። የመጀመሪያዎቹ ተወዳዳሪዎች ከመሸጫ ሱቅ የወጣ ተራ መኪና የሚነዱ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። የውድድሩ ምድብ የተከፈለው ደግሞ በምን መሰላችሁ? በመኪናው ዋጋ! ይህንን ሳነብ ኢኮኖሚስት የነካው ነገር ነው ብዬ ሳቅሁ። እ.ኤ.አ. በ1963 ከተነሱት 84 መኪኖች የጨረሱት 7 ብቻ ናቸው። በ1968 ደግሞ ከ93 ተነስተው የጨረሱት እንደገና 7። ጭቃው፣ አቧራው፣ ወንዙ፣ ከብቱ ሁሉ ተጋጣሚ ነበር። ለአሥርት ዓመታትም ውድድሩ የሚካሄደው ሰው፣ ላምና አውቶብስ በሚመላለስበት ክፍት መንገድ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና ሲመለስ ግን ናይቫሻ አካባቢ በተዘጉ መንገዶች ላይ ሆነ። እንግዲህ ሳፋሪ ራሊን የሚያህል ውድድር እንኳ በመጨረሻ ከሰውና ከከብት መንገድ ወጥቷል።

ተመልካች ነኝና አያገባኝም የሚልም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1986 የፖርቱጋል ራሊ ላይ ሕዝቡ መንገዱ ውስጥ ገብቶ፣ መኪና ሲመጣ ብቻ እየተከፈለ ይቆም ነበር። አንድ መኪና ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ሕዝቡ ውስጥ ገባና ሦስት ሰው ሞተ። ታላላቆቹ ሹፌሮች «በዚህ ሁኔታ አንነዳም» ብለው ውድድሩን ትተው ወጡ። ያ የሆነው ካሜራ፣ ፖሊስና ሐኪም በነበረበት ቦታ ነው። የእኛ ማንጎ ዛፍ ሥር ማን ነበር?

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ጓደኞቼ ሁልጊዜ የሚሉት «እኔ ጎበዝ ነጂ ነኝ» ነው። እውነት ነው፣ ጎበዞች ናቸው። ችግሩ ግን እዚያ ላይ አይደለም። ሳም ፔልትዝማን የተባለ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው የታወቀ ጥናት አለ። ሰው ራሱን ደኅና ነኝ ብሎ ሲያስብ የበለጠ ይደፍራል፤ አደጋውም ወደ እግረኛው ይሸጋገራል ይላል። ብዙ የተከራከሩበት ሐሳብ ነው፤ እኔ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ልጆቹ ጎበዝ በሆኑ ቁጥር ፍጥነታቸው ጨመረ፤ ለውዝ ሻጩ ግን በዚያው ልክ ጎበዝ አልሆነም።

ፍጥነት ደግሞ ዋጋው ቀጥ ብሎ አይጨምርም። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህ የፊዚክስ ሕግ ነው፣ ክርክር የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል ግጭት ወደ 4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዓለም በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ሰዎችን በመግደል ቀዳሚው በሽታ ሳይሆን መንገድ ነው። ለውዝ ሻጩም፣ ጓደኛዬም፣ እኔም እዚያ ክልል ውስጥ ነን።

መድን አለ የሚል ካለ፣ አዎ አለ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ተሽከርካሪ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል። መድን በሌለው ወይም ባልታወቀ ተሽከርካሪ ለተጎዳ ሰውም የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። አዋጁ ሲወጣ ለድንገተኛ ሕክምና ያስቀመጠው ጣሪያ 2 ሺህ ብር ነበር። በዛሬ ገበያ 2 ሺህ ብር ምን እንደሚገዛ እናንተው ታውቁታላችሁ። ከዚያም በላይ፣ በውርርድ ውድድር ላይ የተጎዳ ሰው ቤተሰብ ልጁን ላለማስከሰስ ብሎ «ወድቆ ነው» ሲል ካሳው ገና ከመነሻው ይጠፋል። በእኛም እንዲሁ ሆነ።

«ታዲያ ይከልከል!» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ተከልክሎ ነበር እኮ። ልጆቹ መጀመሪያ የሚሽቀዳደሙት ከተማው አስፋልት ላይ ነበር። ትራፊክ ፖሊስ ሲያባርራቸው ወደ ዳር ወጡ። ከዳር ሲባረሩ ወደ ጠጠሩ መንገድ ገቡ። ፖሊስ ሥራውን ነው የሠራው፤ ግን በእያንዳንዱ ማባረር ውድድሩ ከሐኪም ራቀ እንጂ አልቀረም። ፍላጎቱ ባለበት አቅርቦቱን ብቻ ብትዘጋ ጥቁር ገበያ ይከፈታል፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ዲግሪ አያስፈልግም፣ ሃይላንዱን ማየት ይበቃል።

እዚህ ላይ ነው ሌላኛው የ1903 ታሪክ የሚጠቅመው። ከፓሪስ ማድሪዱ እልቂት 40 ቀን ሳይሞላ አየርላንድ ውስጥ የጎርደን ቤኔት ዋንጫ ተካሄደ። መኪኖቹ ያው ናቸው፣ ከሹፌሮቹም ያው የነበሩ አሉ። ነገር ግን ሕግ ወጥቶለት መንገዱ ለትራፊክ ተዘጋ። ፖሊስና ወታደር መንገዱን ጠበቀ። ከተማ ውስጥ ሲገቡ መኪኖቹ ከብስክሌት ኋላ ሆነው በቀስታ እንዲያልፉ ተደረገ። የሚለቀቁትም በአንድ ደቂቃ ሳይሆን በሰባት ደቂቃ ልዩነት ነበር። ግጭት ነበር፤ የሞተ ሰው ግን አልነበረም። ልብ በሉ፣ ሹፌሮቹ በ40 ቀን ውስጥ ጨዋ አልሆኑም። የተለወጠው ደንቡ ነው። አቧራው እስኪሰክን የሚጠብቅ ሰው ተመደበ።

አሶሳ ላይ ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በበጋ ወራት በወር አንድ እሁድ፣ ሰው የማይተላለፍበት አንድ ሜዳ ይበቃል። ዙሪያውን በቀርከሃ አጥር ማጠር ይቻላል፤ ቀርከሃ ደግሞ በእኛ ክልል ሞልቷል። በየኩርባው አፈር የተሞላ ጆንያ ይደርደር። ተመልካች በኩርባው ውጭ በኩል ፈጽሞ አይቁም፤ የሚወጣ ሞተር የሚወጣው በዚያ በኩል ነውና። ሁለት ሁለት ሆኖ መውጣት ይቅር፤ አንድ አንድ እየወጡ ከሰዓት ጋር ይወዳደሩ። ሄልሜት የሌለው አይነሳ። አንድ አምቡላንስ ይቁም፤ አምቡላንሱ ሌላ ጥሪ ካለው ውድድሩ ይጠብቅ። ከመግቢያ ክፍያው ላይ ለጉዳት የሚሆን ገንዘብ ይቀመጥ፤ የሚደሰተው ሰው ሒሳቡንም ይክፈል። እንዲህ ሲደረግ ኤክስተርናሊቲው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው።

ማን ያዘጋጀው? የከተማው ስፖርትና ወጣቶች ጽሕፈት ቤት፣ ትራፊክ ፖሊስና ሞተረኞቹ ራሳቸው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ግማሹ ሥራ አለቀ። ሞተረኞቹ ማኅበር አላቸው፤ ተራ ያስከብራሉ፣ ዕቁብ ይጥላሉ፣ ሰው ሲሞት ይቀብራሉ። ይህን ሁሉ የቻለ ማኅበር አንድ ሜዳ ማጠር አያቅተውም።

ከጥቂት ሳምንት በፊት የልጁን ቤት ጠየቅሁ። ለውዝ ሻጩ አሁን ይራመዳል፤ ሲሮጥ ግን ትንሽ ያነክሳል። እናቱ ቡና አፍልተው አስቀመጡኝ። ለረጅም ጊዜ ሳላወራ ተቀመጥኩ። በኋላ እሳቸው ጀመሩት።

«ልጄ፣ ሰዓት የያዝከው አንተ ነህ አሉ?»

«አዎ እናቴ፣ እኔ ነኝ።»

«ሰዓቱን ስታይ ልጄን አላየኸውም?»

ቁጣ አልነበረበትም። የምር ለማወቅ ነው የጠየቁኝ። አላየሁትም ነበር። ስክሪኑን ነበር የማየው። ይህንኑ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ሁለተኛውን ስኒ ቀዱልኝ።

ጓደኛዬ ዛሬ በተከራየው ባጃጅ ይሠራል። ያለፈው ቅዳሜ ደውሎ ልጆቹ እንደገና ሊጀምሩ መሆኑን ነገረኝ፤ ያችው መንገድ፣ ያው ውርርድ። «ሰዓት ያዝልን ብለውሃል» አለኝ። እሱ ራሱ እንደማይነዳ፣ ግን ለማየት እንደሚሄድ ጨመረልኝ።

መልሴን እዚህ ልጻፈው፤ የሚመለከታቸው ሁሉ ያንብቡት። ሜዳው ከታጠረ፣ አንድ አንድ ሆናችሁ ከወጣችሁ፣ ሄልሜት ካሰራችሁ፣ አምቡላንስ ከቆመ ሰዓት እይዛለሁ፤ በነፃ። ካልሆነ ግን እሁድ ከማንጎው ዛፍ ሥር ታገኙኛላችሁ፤ ስልክ ሳይሆን ፉጨት ይዤ፣ ልጆችን ከመንገዱ ጠርዝ ስመልስ።